አቧራ፣ ዝናብና አሮጌ ግንብ፦ በሱቅ ዐረቢ ዙሪያ ፎቶግራፍ ማንሳት

ሱቅ ዐረቢ በ2023 ጦርነት እስኪነሳ ድረስ የካርቱም ዋና ገበያ ነበር። ከጥቁር ዓባይ ደቡባዊ ዳርቻ ጥቂት ገባ ብሎ በከተማዋ እምብርት ላይ ይገኛል። ትልቁ መስጊድ፣ የወርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ፣ የጨርቃጨርቅና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያዎች፣ በየጥጉ ከሰል አንድደው ሻይና የጀበና ቡና የሚሸጡ ሴቶች ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን የኖሩበት ሠፈር ነው። አጠገቡ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሶርያውያን ይነግዱበት የነበረው ሱቅ አፍረንጂ አለ። ጥቂት ወደ ደቡብ ሲሄዱ ደግሞ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት የኖሩበት የዴም ሠፈር ይደረሳል። የካርቱምን አሮጌ ሕንፃዎች በፎቶግራፍ ለማንሳት የሚወጣ ተጓዥ ሥራውን ይጀምር የነበረው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ገበያ ነበር።

ይህን ሥራ ከሌላ ቦታ የሚለየው የአየሩ ጠባይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭ ብርሃን ያረፈበት ሚናሬት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በብርቱካናማ አቧራ ይጋረድና ማታ በዝናብ ታጥቦ ይታያል። አየሩ ለምንና መቼ እንደሚለወጥ የሚያውቅ ፎቶግራፍ አንሺ አስቀድሞ ቦታውን ይይዛል፤ የማያውቅ ግን ካሜራውን ሸፍኖ ለመሸሽ ይገደዳል። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ በዚህ ሠፈር የተነሱ የቀድሞ ፎቶዎች ከመታሰቢያነት አልፈው የከተማዋ ሰነድ ሆነዋል። በሚከተለው ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራቱ አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያ አጠራር ቀርበዋል።

ሕንፃዎቹና ዕድሜያቸው

ካርቱም ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1820ዎቹ በግብፅና በቱርክ አገዛዝ ዘመን ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 በማህዲ ጦር እጅ ወደቀች፤ ከዚያም መንግሥቱ ወደ ኦምዱርማን ስለተዛወረ አብዛኛው ግንቧ ፈርሶ ጡቡና እንጨቱ ወንዙን ተሻገረ። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1898ቱ የኦምዱርማን ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን ቀይሰው ከተማዋን እንደገና ሠሯት። ስለዚህ ዛሬ በሱቅ ዐረቢ ዙሪያ አሮጌ የሚባለው ግንብ በአብዛኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው። ትልቁ መስጊድም ከነሁለቱ ሚናሬቶቹ የዚያ ዘመን ሕንፃ ነው። ከቱርኮቹ ዘመን ከተረፉት ጥቂት ነገሮች መካከል በማዕከላዊ ካርቱም የሚገኙት የገዢዎች ባለ ጉልላት መቃብሮች ናቸው።

ወደ ወንዙ ሲወጣ የቀድሞው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ፣ የአሁኑ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ፣ በቀይ ጡብ ቅስቶቹ ይታያል፤ የተከፈተው በ1902 ነው። በዚያው ዳርቻ ላይ የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥትና የካቶሊኮቹ የቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል አሉ። ጥቁር ዓባይን የሚሻገረው የብረት ድልድይ በ1909፣ ነጭ ዓባይን ወደ ኦምዱርማን የሚሻገረው ደግሞ በ1926 ተጠናቅቀዋል። ኦምዱርማን ውስጥ የማህዲው መቃብር ጉልላት ከሩቅ ይታያል። የመጀመሪያው ጉልላት በ1898 በመድፍ ተመትቶ የፈረሰ ሲሆን አሁን ያለው በ1947 የተሠራ ነው። የፈረሰው ጉልላት ምን ይመስል እንደነበረ ዛሬ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ በተነሱ ፎቶግራፎች ነው።

የዓመቱ ወቅቶች

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። የካርቱም ችግር እንግዲህ የዝናብ ብዛት አይደለም፤ ያለችው ጥቂት ዝናብ በድንገትና በኃይል መምጣቷ ነው። ኦገስት 4 ቀን 1988 ሌሊት ከአንድ ዓመቱ አማካይ የሚበልጥ፣ ወደ 200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በአንድ ጊዜ ወርዶ ከተማዋን አጥለቅልቋታል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ነው። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የበረሃ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ አንዳንድ ቀን ሰማዩ ወተት መስሎ ይውላል። ነፋሱ ሲረግብ ግን አየሩ ጥርት ይላል፤ ለሩቅ እይታና ለተፈጥሮ መልክዓ ምድር ከዓመቱ የሚመረጠው ይህ ጊዜ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። በዚሁ ሙቀት መካከል የአቧራ ማዕበሎቹ ይጀምራሉ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናቡ ይመጣል፤ ወንዙም ይሞላል። ለጉብኝት የሚመከረው ክረምቱ ያለፈበት ቀዝቃዛ ወቅት ቢሆንም፣ ደመና፣ መብረቅ፣ ጎርፍና የአቧራ ግድግዳ የሚታየው ብዙ ጎብኚ በማይኖርበት በሞቃቱ ወቅት ነው።

የፀሐይዋ አካሄድ

ካርቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 15 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ትገኛለች። በዚህ የተነሳ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ፣ ፀሐይ በእኩለ ቀን በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ በእኩለ ቀን ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። ቅስቶቹ ይጠቁራሉ፣ ጣሪያው ይነጣል፣ የድንጋዩ ውበት ይጠፋል። በታኅሣሥ ግን የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 51 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ በቀትርም ቢሆን የግንቡ ቅርጽ የሚወጣበት ጥላ ይገኛል።

ይህ ስሌት ለጥቁር ዓባይ ዳርቻ ሕንፃዎች ትልቅ ትርጉም አለው። ካርቱም በወንዙ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስላለች የወንዙን አቅጣጫ ይዘው የተሠሩት ግንቦች ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረዋል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ በስተደቡብ ስለምትሄድ ፊታቸው በጥላ ውስጥ ይውላል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን ፀሐይዋ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ከምሥራቅና ከምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው። ስለዚህ ማለዳና አመሻሽ ላይ ብርሃኑ በወንዙ ፊት ለፊት ግድግዳዎች ላይ ከጎን ይጋደምና የጡቡን ስፌት እያንዳንዱን ያወጣዋል። አንድ ጎብኚ በታኅሣሥ ይህን ፊት ለማንሳት ቢደክም የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ በግንቦት ማለዳ ቢመጣ ግን ሳይደክም ያገኘዋል።

ንጋትና ምሽት ለምድር ወገብ በቀረበ አገር አጭር ናቸው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ለስላሳውን ወርቃማ ብርሃን ይሰጣሉ። ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ የሱቅ መብራቶች የሚበሩበት ሃያ ደቂቃ ያህል አለ። በሱቅ ዐረቢ ውስጥ የማለዳው ብርሃን ሌላ ጥቅም አለው፤ ነጋዴው ሸራውን ሳይዘረጋና ሰዉ ሳይበዛ የሕንፃዎቹ የላይኛው ክፍል፣ በረንዳዎቹና አሮጌዎቹ የእንጨት መስኮቶች ያለ ከለላ ይታያሉ።

ሃቡብ

የካርቱም አየር ዋናው መታወቂያ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ነው። ቃሉ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚቲዎሮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል። ኤል. ጄ. ሰተን የተባለ ተመራማሪ በ1925 ባሳተመው ጥናት በካርቱም በዓመት በአማካይ 24 ያህል ሃቡቦች እንደሚነሱ ጽፏል። አብዛኞቹ የሚመጡት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ከቀትር በኋላና በመሸ ጊዜ ነው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። በሞቃቱ አየር ላይ የተከመረ ነጎድጓዳማ ደመና ዝናቡን ሲጥል፣ ከጠብታዎቹ ብዙው ደረቁን አየር ሲያልፍ ይተናል። ትነቱ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘውና የከበደው አየር ወደ መሬት ወርዶ በየአቅጣጫው ይፈነጠራል። ይህ የቀዝቃዛ አየር ግንባር ደረቁን መሬት ጠርጎ አቧራውን ያነሳና እስከ 1,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው ግድግዳ አድርጎ ይገፋዋል። ከኋላው ብዙ ጊዜ ዝናብ ይከተላል፤ አንዳንዴ ግን ዝናቡ ሳይደርስ አቧራው ብቻ ያልፋል።

ፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ ሂደት አራት ልዩ ልዩ ጊዜዎችን ሊጠቀም ይችላል። የመጀመሪያው ግድግዳው ሳይደርስ ከሩቅ የሚታይበት ነው። ነፋሱ ረግቶ አየሩ ይታፈናል፣ በደቡብ ወይም በምሥራቅ አድማስ ላይ ቡናማ መስመር ይታያል። ፀሐይ በምዕራብ ስለሆነች ግድግዳው ከፊት ለፊት በርቶ ወርቃማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሰፊ ሌንስ ይዞ አንድ የታወቀ ሕንፃ፣ ሚናሬት ወይም ጉልላት፣ ከግድግዳው ፊት ማስገባት ያስፈልጋል። ያለ ሕንፃ የተነሳ ሃቡብ መጠኑ አይታወቅም። ብርሃኑን ሲመጥኑ ከግድግዳው ደማቅ ክፍል መለካት ይገባል፤ የተቃጠለ ነጭ በኋላ አይመለስም፣ የጠቆረ ጎዳና ግን በኮምፒዩተር ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜ ግንባሩ ከተማው ላይ የሚደርስበት ደቂቃ ነው። ላስቲክና ወረቀት ይነሳል፣ ነጋዴዎች ሸራ ይጠቀልላሉ፣ ሴቶች ቶብ የሚባለውን መጎናጸፊያቸውን በፊታቸው ላይ ይስባሉ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል። የሰው ታሪክ ያለው ፎቶ የሚገኘው ከዚህ ነው። በሰከንድ 1/500ኛ ወይም ከዚያ የፈጠነ ሹተር የሚበረውን ነገር አቁሞ ያሳያል። ፎቶግራፍ አንሺው በግድግዳ ተከልሎ፣ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ መቆም አለበት።

ሦስተኛው በአቧራው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የአቧራው ቅንጣት ከብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊውን ስለሚያስቀር የሚያልፈው ቀዩና ብርቱካናማው ነው። ካሜራው ነጭ ቀለምን በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ይህን ቀለም ስሕተት ነው ብሎ ያጠፋዋል። ስለዚህ የነጭ ሚዛኑን በፀሐይ ብርሃን ላይ አስሮ በጥሬ ፋይል ማንሳት ይሻላል። ራስ ሰር ማነጣጠሪያው የሚይዘው ነገር ሲያጣ በእጅ ወደ ቅርብ ጠርዝ ማነጣጠር ያስፈልጋል። በዚህ ብርሃን ሩቁ ነገር ይጠፋና ቅርቡ ብቻ ይቀራል፤ የግንቦቹ ቅርጽ እርስ በርስ ተደራርቦ እየደበዘዘ ይሄዳል። የመስጊዱ አጥር፣ ከኋላው ቅስቱ፣ ከዚያ ወዲያ ሚናሬቱ፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው እየሳሳ ይቆማል። ፍላሽ በዚህ ጊዜ አይጠቅምም፤ ብርሃኑ አቧራው ላይ ተመልሶ ፎቶውን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል።

አራተኛው ጊዜ ሃቡቡ ካለፈ በኋላ ነው። አቧራው በሁሉ ላይ ይተኛል፤ መኪናው፣ የወርቅ ሱቁ መስታወት፣ የዛፉ ቅጠል አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛሉ። ባለ ሱቆቹ ውሃ እየረጩ በረንዳቸውን ይጠርጋሉ። ትዕግሥት ያለው ሰው ከተማዋ ራሷን ስታጸዳ የሚያይበት ጊዜ ይህ ነው።

ዝናብ፣ መብረቅና ጎርፍ

ዝናብ ሲወርድ የሱቅ ዐረቢ ጎዳናዎች ውሃውን በቶሎ አያስወግዱም። ኩሬው ከአንድ ቀን በላይ ሊተኛ ይችላል፤ ለእግረኛ ችግር የሆነው ይህ ውሃ ለፎቶግራፍ ትልቅ ሀብት ነው። ካሜራውን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው የመስጊዱን ሚናሬቶች ሙሉ በሙሉ በውሃው ውስጥ ያገኛል። ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያው ሰዓት የግንቡ አቧራ ስለታጠበ የድንጋዩና የጡቡ እውነተኛ ቀለም ይወጣል፤ አየሩም ከወራት ወዲህ ያልታየ ጥራት ያገኛል። ፖላራይዝድ ፊልተር ከእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ቀንሶ ቀለሙን ያጠልቃል። የኩሬውን ነጸብራቅ ለማንሳት ሲፈለግ ግን ፊልተሩ መነሳት ወይም መዞር አለበት።

መብረቅ የሚነሳው በምሽት ነው። ካሜራው በትሪፖድ ላይ ቆሞ፣ አይኤስኦው ዝቅ ብሎ፣ ሹተሩ ከአሥር እስከ ሠላሳ ሰከንድ ክፍት ሆኖ በተከታታይ ይነሳል። ይህን ሥራ ከሰገነት ወይም ከወንዝ ዳር ሆኖ መሥራት ለሕይወት አስጊ ነው፤ ከሕንፃ ውስጥ በመስኮት መነሳት አለበት።

የጎርፉ ወቅት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተለየ ስሜት ያለው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጥቁር ዓባይ ከጎጃምና ከወሎ ተራሮች ያጠበውን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ካርቱም ይደርሳል። ሞግረን በሚባለው መገናኛ ላይ ከግራጫው ነጭ ዓባይ ጋር ጎን ለጎን ለተወሰነ ርቀት ሳይደባለቅ ይፈስሳል። ሌላ መልክዓ ምድር ሁሉ ማለዳና ማታ ይነሳ ቢባልም፣ ይህ መገናኛ ግን ፀሐይ ከፍ ስትል ነው የሚነሳው። ፀሐይ ዝቅ ስትል የውሃው ገጽ ሰማዩን ብቻ ያንጸባርቃል፤ ከፍ ስትል ግን ብርሃኑ ወደ ውሃው ዘልቆ የሁለቱ ቀለም ልዩነት ይታያል። ከፍ ካለ ሕንፃ ላይ በፖላራይዝድ ፊልተር ቢነሳ መስመሩ ጎልቶ ይወጣል።

ወንዙ ሁሌም ውበት ብቻ አይደለም። በ1946፣ በ1988 እና በ2020 ከፍተኛ ጎርፎች ካርቱምን መትተዋል። በ2020 የውሃው ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል አልፎ ከመቶ ዓመት ወዲህ ያልታየ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ ስለጀመረ የወንዙ የየወቅቱ ጠባይ እየተለወጠ ነው። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወር፣ በተለያዩ ዓመታት የተነሱ የሞግረን ፎቶዎች ይህን ለውጥ በዓይን የሚያሳዩ ናቸው።

ዝናብ አሮጌ ድንጋይን ይጎዳል። በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ውስጥ፣ በአስዋን ግድብ ሐይቅ ከመዋጥ የዳኑት የቡሄን፣ የሰምናና የሌሎች ቦታዎች ቤተ መቅደሶች እንደገና ተተክለዋል። በደረቅ አገር ለሺህ ዓመታት የቆየው የአሸዋ ድንጋይ በካርቱም ዝናብ እንዳይበላ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት መጠለያ ተሠርቶለት ነበር። በላሊበላም በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ በ2000ዎቹ ማብቂያ መጠለያዎች ተተክለዋል። ፎቶግራፍ አንሺዎች መጠለያዎቹ እይታ እንደሚጋርዱ ያማርራሉ፤ ነገር ግን መጠለያውን ከፎቶው ለማስወጣት ከመታገል ይልቅ አስገብቶ ማንሳት የቅርሱን ያለበትን ሁኔታ በሐቅ ያሳያል።

ግንቡን በትክክል ማንሳት

አሮጌ ሕንፃ ሲነሳ በብዛት የሚበላሸው ቀጥ ያለው መስመር ነው። በጠባብ የገበያ መንገድ ውስጥ ካሜራውን ወደ ላይ ያቀና ሰው ሚናሬቱ ወደ ኋላ የወደቀ አስመስሎ ያነሳዋል። መፍትሔው ራቅ ብሎ ቆሞ ካሜራውን ከአድማስ ጋር ማስተካከል፣ ወይም ከአጠገብ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ላይ መውጣት ነው። በሱቅ ዐረቢ ሻይ እየጠጡ ባለ ሱቁን አነጋግሮ ደረጃውን መውጣት የተለመደ ነበር።

አንድን ሕንፃ በሰነድነት ለማንሳት አንድ ፎቶ አይበቃም። ከፊት ለፊት፣ ከሁለቱ ማዕዘኖች፣ ከጎረቤቶቹ ጋር፣ ከዚያም በሩ፣ መስኮቱ፣ የብረት ፍርግርጉ፣ የተሠራበት ዘመን የተቀረጸበት ድንጋይ ለየብቻ መነሳት አለባቸው። አንድ ሰው ወይም የታወቀ መጠን ያለው ዕቃ በፎቶው ውስጥ ቢኖር የሕንፃው ልክ ይታወቃል። የግንቡ ስንጥቅ፣ የወረደ ልስን፣ የጎርፍ ውሃ የደረሰበት መስመር እንደ ጉድለት ተቆጥሮ መታለፍ የለበትም። የአየሩ ታሪክ በግድግዳው ላይ የተጻፈው እዚያ ነው።

ካሜራውን መጠበቅ

የካርቱም አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ የትም ይገባል። ሌንስ በጎዳና ላይ መቀየር ሴንሰሩን በቀጥታ ለአቧራ መስጠት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ከ24 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚሄድ አንድ ዙም ሌንስ አስረው ቀኑን ሙሉ ይውሉበታል። በሌንሱ ፊት የሚታሰር ግልጽ ፊልተር የአሸዋውን ጭረት ይቀበላል። ካሜራው በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ በሌንሱ አፍ ብቻ ክፍት ይሆናል። አቧራ የተኛበትን ሌንስ በጨርቅ መጥረግ መስታወቱን መቧጨር ነው። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ይነፋል፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፣ በመጨረሻ ብቻ ጨርቅ ይነካዋል።

ሙቀቱም ሌላ ፈተና ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠሩ የተመደቡ ሲሆኑ በግንቦት ጥላ ውስጥ እንኳ ይህ ይታለፋል። ካሜራን በቆመ መኪና ውስጥ አለመተው፣ በነጭ ጨርቅ መሸፈን፣ ቪዲዮን በአጫጭሩ መቅረጽ ይረዳል። በእርጥቡ ወቅት አየር ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል በቀጥታ ወደ ውጭ ከተወጣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ካሜራውን በቦርሳው እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ መክፈት ይህን ያስቀራል። ፎቶግራፍ አንሺውም ራሱን መጠበቅ አለበት፤ በሃቡብ ጊዜ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጨርቅና መነጽር ያስፈልገዋል፣ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ውጭ ባይቆይ ይሻላል።

ፈቃድና አክብሮት

በሱዳን ለረጅም ዓመታት ጎብኚዎች ፎቶ ለማንሳት ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድ መያዝ ነበረባቸው። ድልድዮች፣ ወታደራዊ ቦታዎች፣ ቤተ መንግሥቱና የመንግሥት ሕንፃዎች በፈቃዱም ቢሆን አይነሱም ነበር። የከተማዋ ታላላቅ ታሪካዊ ግንቦች አብዛኞቹ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለሚወድቁ የጎብኚዎች ፎቶ በገበያዎቹ፣ በመስጊዶቹና በመቃብሮቹ ላይ ያዘነበለ ሆኗል። የጦርነት ወሬ ባለበት አገር ካሜራ ጥርጣሬ ስለሚያስነሳ ደንቡን መጠየቅና መጠበቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከሕጉ በላይ ደግሞ ሰዉ አለ። ሻይ የምትሸጠው ሴት ሳትጠየቅ መነሳት አትፈልግም፤ ቁጭ ብሎ ሻይዋን ጠጥቶ ‹‹ሙምኪን ሱራ?›› (ፎቶ ማንሳት ይቻላል?) ብሎ የጠየቀ ብዙውን ጊዜ ይፈቀድለታል፣ እንቢ ከተባለም ይቀበላል። በኦምዱርማን በሐመድ አል ኒል መቃብር ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚደረገው የደርቪሾች ዚክር በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የማታው ብርሃን፣ የሚነሳው አቧራና አረንጓዴው ልብስ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ይሁን እንጂ ጸሎት መሆኑን ረስቶ ወደ መካከል መግባት ነውር ነው።

ከከተማው ውጭ

ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሜሮዌ ፒራሚዶች አሉ። በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከነፋስ በኋላ ማለዳ የደረሰ ሰው የጎብኚ ዱካ የሌለበትን አሸዋና ሞገድ የመሰለውን ገጽታውን ያገኛል። ጥላው ረጅም ሆኖ የእያንዳንዱን ፒራሚድ ማዕዘን የሚለየው በዚያ ሰዓት ነው።

እነዚሁ ፒራሚዶች ምስል ለምን እንደሚጠቅም በግልጽ ያሳያሉ። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፈርሊኒ በ1834 ሀብት ፍለጋ ጫፎቻቸውን አፍርሷል። ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ግን ከዚያ በፊት በ1820ዎቹ መጀመሪያ ቦታውን ጎብኝቶ ፒራሚዶቹን በሥዕል አስፍሮ ነበር። ከመፍረሳቸው በፊት የነበራቸው ቁመናና መልክ ዛሬ ከሚታወቅባቸው ምንጮች ዋናው የእሱ ሥዕል ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲነሳ የመጀመሪያው የውጊያ ሜዳ መሐል ካርቱም ነበረች። ሱቅ ዐረቢ ከቤተ መንግሥቱና ከጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ ብዙም ስለማይርቅ ተቃጠለ፣ ተዘረፈ፣ ነጋዴዎቹም ተበተኑ። በዚያ ሠፈር ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ተሰደዱ። ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘርፏል። ማርች 21 ቀን 2025 ጦር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ሲይዝ በመሐል ከተማው የቀረው በአብዛኛው የተቃጠለ ግንብና ባዶ ጎዳና ነበር።

እንግዲህ ማንኛውም ጎብኚ ከ2023 በፊት በሱቅ ዐረቢ ያነሳው ፎቶ ዛሬ ዋጋው ጨምሯል። አንድ ሕንፃ ሲጠገን የመስኮቱ ቅርጽ፣ የበረንዳው እንጨት፣ የጡቡ ቀለም ምን እንደነበረ የሚናገረው እሱ ነው። ሱዳን የዚህ ሥራ ባህል አላት። በአትባራ ስቱዲዮ የነበረው ራሺድ ማህዲ የዘመኑን ሰዎች በፎቶግራፍ፣ ገደላ ጉባራ ደግሞ የካርቱምን ኑሮ ለአሥርተ ዓመታት በፊልም መዝግበዋል። በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ የተቋቋመው የሱዳን መዝገብ የቅኝ ግዛቱን ዘመን ፎቶዎች ይዟል። የሱዳን ሜሞሪ ፕሮጀክት ደግሞ በአገር ውስጥ በግለሰቦችና በተቋማት እጅ የነበሩ ፎቶዎችንና ሰነዶችን በዲጂታል ቀድቶ አስቀምጧል።

ፎቶ ሰነድ የሚሆነው ግን መረጃው አብሮት ሲቀመጥ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆሙበት ቦታና ያቀኑበት አቅጣጫ፣ የሕንፃው ስም፣ የአየሩ ሁኔታ መጻፍ አለበት። የአየሩ ሁኔታ መጻፉ ትርፍ ነገር አይደለም፤ በሃቡብ ውስጥ የተነሳ ግድግዳ ቀለሙ ብርቱካናማ ስለሆነ ብቻ ቀይ ጡብ ነው ተብሎ ሊሳት ይችላል። እርጥብ ድንጋይም ከደረቁ ይጠቁራል። በተቻለ መጠን አንዱን ሕንፃ በጥርት ቀን፣ በአቧራ ቀንና ከዝናብ በኋላ ማንሳት የጥገና ባለሙያው የሚተማመንበትን ቀለም ይሰጠዋል። የካሜራው ሰዓት በትክክል መሞላቱ፣ ጥሬ ፋይሉ ሳይነካ መቀመጡ፣ ቢያንስ ሁለት ቅጂዎች በተለያየ ቦታ መኖራቸው ሥራውን ያጸናዋል።

በዴም ሠፈር ኖረው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱ ወይም ወደ ሌላ አገር የሄዱ ቤተሰቦች በስልካቸው ውስጥ የያዟቸው የገበያ፣ የሠርግ፣ የወንዝ ዳር ፎቶዎችም ከዚሁ ሀብት ውስጥ ይቆጠራሉ። ከበስተጀርባቸው ያለው ሱቅ፣ ሚናሬትና ሰማይ የከተማዋ ነው። ስልኩ ሳይጠፋ ፎቶውን ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚያስታውሱ ሰዎች ሳሉ መጻፍ፣ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱም ለመዝገብ ድርጅቶች መስጠት ለሱቅ ዐረቢ መልሶ መሠራት እያንዳንዱ ሰው ሊያደርገው የሚችለው አስተዋጽኦ ነው።